ጠይቁን፦ ዶሮው፣ ግቢውና ቤተሰቡ (ከደሴና ከኮምቦልቻ አንባቢዎቻችን)

የዚህ ወር ጥያቄዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ስለ ዶሮ ናቸው። ደጋግሜ ሳነባቸው ግን ግማሹ ስለ ቤት ውስጥ ኑሮ ነው፣ ሌሊት ማን ይነሳል፣ የእንቁላሉን ብር ማን ይይዛል፣ አማቴን እንዴት ልንገራት... ስለዚህ ዶሮውንና ቤቱን ሳልነጣጥል ነው ምመልሰው።

ጥያቄ፦ ሰላም እህቴ፣ ምኖረው ኮምቦልቻ ነው፣ ግቢያችን ሰፋ ያለ ነው፣ ፓፓያም ሙዝም አለን፣ ሁለት ልጆች አሉኝ። ስልኬ ላይ ሁሌ ማያቸው ቤተሰቦች አሉ፣ ሃዋይ ውስጥ ካዋይ ሚባል ደሴት ላይ ነው ሚኖሩት፣ ዶሮው በየጓሮው በየመንገዱ ይዞራል፣ ማንም አይመግበውም፣ ልጆቹ እንቁላል ከሳር ውስጥ ይለቅማሉ፣ በጣም ደስ ይላል። እኔም እንደነሱ ብዬ 20 ቦቫንስ ሚባሉ የፈረንጅ ዶሮዎች ገዝቼ ግቢ ውስጥ ለቀቅኳቸው፣ አሁን 7 ብቻ ናቸው የቀሩት፣ እንቁላልም የለም ማለት ይቻላል። እነሱ ጋ ምን አለ እኛ ጋ የሌለ?

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ ያየሽው እውነት ነው፣ ካዋይ ላይ ዶሮ እንደ እርግብ በየአደባባዩ ነው ሚሄደው። ግን እንዴት እንደዛ እንደሆነ ቪዲዮው አይነግርሽም። የደሴቱ ዶሮ መጀመሪያ የመጣው ከብዙ መቶ አመት በፊት በጀልባ ከመጡት ፖሊኔዥያውያን ጋር ነው፣ በኋላ ደግሞ በፈረንጆቹ 1982 ኢዋ፣ በ1992 ኢኒኪ ሚባሉ ከባድ አውሎ ነፋሶች መጥተው የሰዉን የዶሮ ቤት አፈራረሱት፣ የቤቱ ዶሮ ጫካ ገብቶ ከድሮዎቹ ጋር ተዳቀለና በዛ። ሌሎቹ ትልልቅ የሃዋይ ደሴቶች ላይ ሞንጉስ ሚባል እንቁላልና ጫጩት ጨራሽ አውሬ አለ፣ ካዋይ ላይ ግን አልተራባም፣ ስለዚህ ዋናው ጠላታቸው የለም። አንቺ ጋ ሸለምጥማጥ አለ፣ ጭልፊት አለ፣ የጎረቤት ውሻ አለ።

ሌላው የዘሩ ነገር ነው። እዛ በየመንገዱ ምታዪው ዶሮ ራሱን አድኖ የተረፈ ዘር ነው፣ ከሚፈለፈለው ጫጩት ብዙው ያልቃል፣ ቪዲዮው ላይ ሚታየው የተረፈው ነው። እንቁላሉም ጥቂት ነው። የኛ የአበሻ ዶሮም እንደዛው አይደለች? ለቀሽ ብታረቢያት በአመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ብትሰጥሽ ነው፣ ግን ጭልፊት ገና ከሩቅ ስታይ ጮሃ ጫጩቶቿን ትሰበስባለች። ቦቫንስ ደግሞ ቤት ውስጥ ተመግባ በአመት እስከ 300 እንቁላል እንድትጥል ተመርጣ የመጣች ዘር ናት፣ ግቢ ላይ ለቀሽ ራስሽን ቻይ ስትያት ጭልፊቱንም አታውቀው፣ በቂ መኖም አታገኝ፣ እንቁላሉን ያቆመችው ስለራባት ነው። ጥፋቱ የዘሩና የአያያዙ አለመገናኘት ነው።

ግን ተስፋ አትቁረጪ፣ ከደሴት ኑሮ ለኮምቦልቻ ሚሆን ነገር አለ። ኮምቦልቻ ከባህር ጠለል በላይ ወደ 1850 ሜትር አካባቢ ናት፣ ቀኑ ሞቃት ነው፣ ከደሴ ይልቅ ለነሱ ትቀርባለሽ። ሞቃት አገር ለእንቁላል ብለው ሚያረቡ ሰዎች ቤቱን ከመሬት ከፍ ያደርጉታል፣ ጣሪያውን ወደ ውጪ ሰፋ አርገው ዝናብና ጸሀይ እንዳይገባ፣ ግድግዳውን ደግሞ ከታች ደፍነው ከላይ በሽቦ ብቻ ይተውታል ነፋስ እንዲያልፍ። አንቺም እንደዛ አርጊ፣ ሽቦው ግን ሸለምጥማጥ ማያስገባ ጠባብ አይኑ ይሁን፣ በሩም ማታ በቁልፍ። ከዛ ዶሮዎቹን እስከ ቀኑ 9 ሰአት ድረስ አታውጫቸው፣ ብዙዎቹ እንቁላላቸውን ሚጥሉት ጠዋት ላይ ስለሆነ ሳጥናቸው ውስጥ ጥለው ይጨርሳሉ፣ ከዛ ስትለቂያቸው ሳሩንም ትሉንም የወደቀውንም ፓፓያ ይለቅማሉ፣ ሲመሽ ራሳቸው ተሰልፈው ይገባሉ። የልጆቹ እንቁላል ለቀማ ያኔ ከሳጥን ይሆናል፣ ደስታው ግን ያው ነው። መኖ ግን የግድ ነው፣ አንድ እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም ትፈልጋለች፣ ግቢው ጭማሪ ነው እንጂ ምሳ አይሆንላትም።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ሃዋይ ላይ ዶሮውን ሚያስቸግረው የዶሮ ፈንጣጣ ነው፣ ቢንቢ ነው ሚያስተላልፈው፣ ኮምቦልቻ ላይ ቢንቢ እንዳለ ደግሞ ላንቺ አልነግርሽም። ኩክኒያቸውና አይናቸው ዙሪያ ጥቁር ቅርፊት ካየሽ እሱ ነው፣ መድሀኒት የለውም፣ ክትባት ግን አለው፣ ክንፋቸው ላይ በመርፌ ነው ሚሰጠው። የቆመ ውሃ ግቢ ውስጥ አታስቀምጪ፣ ለዶሮውም ለልጆቹም ነው ምልሽ።

ጥያቄ፦ አውራ ዶሮ ከሌለ እንቁላል አይጥሉም ይሉኛል፣ ተከራይ ነኝ፣ አከራዬ ደግሞ ሌሊት ሚጮህ ነገር አትፈልግም። (ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር)

መልስ፦ ይጥላሉ። አውራ ሚያስፈልገው ጫጩት ለማስፈልፈል ብቻ ነው፣ ለመብላትና ለመሸጥ ሴቶቹን ብቻ አርቢ፣ አከራይሽም በሰላም ትተኛለች። እሷ ሌላ ልትማረርበት ምትችለው ሽታው ነው፣ ከስራቸው ያነጠፍሽውን ጭድ ወይ ሰጋቱራ በእጅሽ ጭብጥ አርጊው፣ እጅሽን ስትከፍቺ ተጣብቆ ከቀረ እርጥብ ነው፣ ቀይሪው ወይ ደረቅ ጨምሪበት፣ ፍርስ ካለ ደህና ነው። ጠዋት በር ስትከፍቺ አይንሽን ሚቆጠቁጥሽ ከሆነ ግን ሳትጨብጪም ቀይሪው።

ጥያቄ፦ ደሴ ሆጤ አካባቢ ነው ምንኖረው። ባለቤቴ አምና 100 የአንድ ቀን የሳሶ ጫጩት አመጣ፣ እሱ ሹፌር ስለሆነ ብዙ ጊዜ ቤት የለም። ሳሎን ጥግ ላይ በካርቶን ከልለን ከሰል እያነደድን ነበር ምናሞቃቸው፣ ሌሊት እኔና የ13 አመት ልጄ ተራ በተራ እንነሳለን፣ ልጅሽ ክፍል ውስጥ ትተኛለች ብለው ከትምህርት ቤት ሁለት ጊዜ ጠሩኝ። 60 ተረፉልን፣ አሁን እንቁላል ይጥላሉ፣ ብሩን ግን እሱ ነው ሚሰበስበው፣ መኖ አለቀ ስለው ደግሞ ከምን ላምጣ ይላል። አሁን 200 ጫጩት ላመጣ ነው እያለ ነው። ምን ልበለው? በጣም ደክሞኛል።

መልስ፦ እህቴ ደብዳቤሽን ሳነብ መጀመሪያ አይኔ የገባው ከሰሉ ነው፣ ስለዚህ ከሱ ልጀምር፣ ሌላውን ሁሉ ብትረሺው እንኳን ይሄን አትርሺ። ሰው በሚተኛበት ዝግ ቤት ከሰል ማሳደር ሰው ይገድላል። ጭሱ ያለቀለት የፋመ ከሰል ራሱ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሚባል ጋዝ ያወጣል፣ አይታይም፣ አይሸትም፣ እንቅልፍ እንደወሰደሽ ይወስድሻል። ደሴ ሲበርድ ደግሞ በርና መስኮት ጥርቅም ተደርጎ ነው ሚታደረው። ለጫጩት ብለን ልጅ አናጣም። ከእንግዲህ በቤትሽ ይሄ አይደገም።

አሁን ወደ ጫጩቱ። የአንድ ቀን ጫጩት የመጀመሪያ ሳምንቱን ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል፣ ከዛ በየሳምንቱ በ3 ዲግሪ አካባቢ እየቀነስሽ ትሄጃለሽ፣ ላባው እስኪሞላ። ደሴ ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ጦሳ ተራራ ስር ያደረ ሰው ብርዱን ያውቀዋል፣ ህዳርና ታህሳስ ሌሊት ያንን ሙቀት መጠበቅ ማለት አንድ ሰው አለመተኛት ማለት ነው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ አስቢው። 40 ጫጩት የሞተብሽ ስለሰነፍሽ አይደለም፣ ስራው ከአንድ እናትና ከአንዲት ተማሪ አቅም በላይ ስለነበረ ነው።

ስለዚህ ለባለቤትሽ ምትይው የመጀመሪያ ነገር ይሄ ነው፦ እኛ ቤት የአንድ ቀን ጫጩት ከእንግዲህ አይገባም። ቢያንስ ሁለት ወር የሞላው፣ ላባው የሞላ፣ ክትባቱን የወሰደ ቄብ ይግዛ። ዋጋው ከፍ ይላል አዎ፣ ግን ከ100 ውስጥ የሞቱትን 40፣ የከሰሉን ብርና የልጅሽን ትምህርት ስትደምሪበት የቱ እንደሚረክስ እሱም ይገባዋል። የግድ ከጫጩት ልጀምር ካለ ደግሞ ኮምቦልቻ ዘመድ ካላችሁ እዛ ይደጉ፣ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ግን ሙቀቱ ሌላ አገር ነው፣ ላባ ሲያወጡ የሀረጎን ዳገት አውጥቶ ደሴ ያምጣቸው። ለጥቂት ጫጩት፣ ለ30 ለ40፣ የጭድ ሳጥን ሚባል አለ፣ መብራት ለሌለበት አካባቢ ተብሎ አገራችን ውስጥ የተሞከረ ነው፣ ሳጥኑ ዙሪያውን ጭድ ይጠቀጠቅበታል፣ ጫጩቶቹ ማታ ሲገቡ የራሳቸው ሙቀት ሳይወጣ ያድራል፣ በጣም ሲበርድ ሙቅ ውሃ የሞላ ጀሪካን በጨርቅ ጠቅልሎ ማስገባት ይቻላል። አየር ሚገባበት ቀዳዳ ግን አይረሳ። ማታ ላይ ዝም ብለሽ እያቸው፣ ተደራርበው ጭው ጭው ካሉ በርዷቸዋል፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው አፋቸውን ከከፈቱ ሞቋቸዋል፣ ተበታትነው ከተኙ በቃ አንቺም ተኚ። ደግሞ አንዷን ያዢና አንገቷ ስር ያለችውን የምግብ ከረጢት በጣትሽ ዳሰስ አርጊያት፣ ሞላ ብላ ለስለስ ካለች በልታለች ጠጥታለች፣ ጠጣር ከሆነች ውሃ አላገኘችም፣ ባዶ ከሆነች ወይ በርዷታል ወይ መኖው ጋ አልደረሰችም።

ስለ 200ው ደግሞ ከባለቤትሽ ጋር አትጨቃጨቂ፣ ቁጥር አስቀምጪለት። አሁን ያሉሽ 60 ዶሮዎች በቀን ወደ 7 ኪሎ መኖ ይበላሉ፣ አንድ ኩንታል ሁለት ሳምንት ነው ሚቆየው። 200 ሲሆኑ በቀን ወደ 23 ኪሎ፣ ኩንታሉ በአራት ቀን ያልቃል። በአንድ ካሬ ሜትር ከ5 እስከ 6 ዶሮ ነው ሚያዘው፣ ስለዚህ ለ200 ከ33 እስከ 40 ካሬ ቤት ያስፈልጋል፣ የታለ ቦታው? ከዶሮ ርባታ ወጪ ከ60 እስከ 70 ፐርሰንቱ መኖ ነው፣ አሁን ለ60 ከምን ላምጣ ያለ ሰው ለ200 ከየት ያመጣል። ይሄን ስሌት ወረቀት ላይ ጽፈሽ፣ ከመንገድ ደክሞ እንደገባ ሳይሆን በማግስቱ ቡና ላይ አሳዪው።

ብሩን በተመለከተ በግልጽ ልናገር። በኛ አገር የእንቁላል ብር ድሮም የሴቷ ነበር፣ ጨውና ሳሙናው፣ የልጅ ደብተሩ ከዛ ነበር ሚወጣው። ዶሮው ከ5 ወደ 50 ሲያድግና ብሩ ወፈር ሲል ነው ወንዶቹ እጃቸው ላይ ሚያስገቡት፣ ስራው ግን እዛው ሴቷ ላይ ይቀራል። ይሄ ትክክል አይደለም፣ ለዶሮውም አይበጅም፣ ምክንያቱም መኖ ማለቁን ቀድሞ ሚያይ ሰው ብር ከሌለው ዶሮዎቹ ሁለት ሶስት ቀን ይጎድልባቸዋል፣ እንቁላሉ ይወርዳል፣ ወደነበረበት ለመመለስ ሳምንታት ይፈጃል። አንድ ደብተር ግዢና ግድግዳው ላይ በሚስማር ስቀዪው፣ በየቀኑ ስንት እንቁላል፣ ስንት ተሸጠ፣ ስንት ለቤት፣ መኖ መቼ ገባ። ከእንቁላሉ ሽያጭ መጀመሪያ የሚቀጥለው ኩንታል ብር ይነሳና አንቺ ጋ ይቀመጥ፣ እሱ ማይነካ ነው። የቀረውን ተነጋገሩበት፣ እኩል ቢሆን ደስ ይለኛል። እሱ አልሰማም ካለ ሚያከብረው ሰው ባለበት፣ ታላቅ ወንድሙ ይሁን አባቱ፣ ደብተሩን አውጪው፣ በቃል ከመከራከር ደብተሩ ይሻልሻል። ጾም ሲገባ እንቁላል እንደሚቀዘቅዝም ጻፊበት፣ ደሴ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ያለባት ከተማ ስለሆነች እንደ ሌላው ቦታ ገበያው ጭራሽ አይቆምም፣ ግን ለሁዳዴ 55 ቀን ትንሽ ብር መያዝ ያስፈልጋል።

ልጅሽ ማታ ትተኛ። ከትምህርት ስትመለስ እንቁላል መሰብሰብና ደብተሩን መጻፍ ይበቃታል፣ ሂሳብም ትለምድበታለች። ከእንቁላሉም ትብላ፣ እናንተም ብሉ፣ ዶሮ ሚያረባ ቤት ልጆች እንቁላል ሳያገኙ ሁሉም ገበያ ሲወጣ ሳይ በጣም ነው ሚከፋኝ። ከስድስት ወር በላይ የሆነ ህጻን ራሱ በደንብ የበሰለ እንቁላል መብላት ይችላል።

ጥያቄ፦ ልጄ ሆይ፣ ከፋብሪካ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ኮምቦልቻ ቤቴ 40 ኮይኮይ ዶሮ ይዣለሁ፣ ባለቤቴና የልጅ ልጆቼ ያግዙኛል። የመኖ ዋጋ አልቻልነውም። ከቢራ ፋብሪካ የሚወጣውን የብቅል ተረፈ ምርት ለከብት ይወስዱታል፣ ለዶሮስ ይሆናል?

መልስ፦ አባባ እንደምን ነዎት፣ ጥያቄዎ ጥሩ ነው፣ ይሆናል፣ ግን በልክ። የብቅሉ ተረፈ ፕሮቲን አለው፣ ችግሩ ገለባው ብዙ ነው፣ ከብት ያመነዥከዋል ዶሮ ግን አይችለውም፣ ሆዷን ሞልቶ ሌላ እንዳትበላ ነው ሚያደርጋት። ከጠቅላላው መኖ ከአንድ አስረኛ ባያልፍ ይመረጣል፣ ማለትም ለ40 ዶሮ በቀን ወደ 4 ኪሎ ተኩል መኖ ቢሰጡ ከዛ ውስጥ ደርቆ ተመዝኖ ግማሽ ኪሎ እንዳያልፍ። እርጥቡን ደግሞ አያስቀምጡ፣ ኮምቦልቻ ሙቀት ላይ በሁለተኛው ቀን መኮምጠጥና መሻገት ይጀምራል፣ የሻገተ መኖ አፍላቶክሲን ሚባል መርዝ ሊኖረው ይችላል፣ ጉበታቸውን ነው ሚያጠፋው። እንደመጣ ሸራ ላይ ስስ አርገው አስጥተው በደንብ ካደረቁት ግን ይቆያል። ለጫጩት በጭራሽ።

ቀሪውን ያው እንደሚያውቁት በቆሎ፣ ፉሩሽካ፣ የኑግ ፋጉሎ፣ ትንሽ ጨው፣ በተለይ ግን የኖራ ድንጋይ ዱቄት አይርሱ፣ ቅርፊቱ ሚሳሳው በሱ እጥረት ነው። የበሉትን እንቁላል ቅርፊት አጥበው፣ አድርቀው፣ ደቀቅ አርገው መልሰው ቢሰጡ ጥሩ ነው፣ ቅርፊት መሆኑ እስከማይታወቅ ድረስ ይድቀቅ ግን፣ አለዚያ እንቁላል መብላት ይለምዳሉ። እና የልጅ ልጆችዎ ከዶሮዎቹ ሲመለሱ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ፣ ጫጩት መሳም ይወዳሉ ልጆች፣ ሳልሞኔላ ሚባለው የሆድ በሽታ ደግሞ በዛም ይመጣል።

ጥያቄ፦ ያገባሁት የኩታበር ልጅ ነው፣ አማቴ እኛ ጋ ደሴ መጥታ መኖር ከጀመረች ወዲህ 6 የአበሻ ዶሮዎቿን ይዛ ነው የመጣችው፣ ማታ ማታ እሷ ከልጄ ጋር በምትተኛበት ክፍል አልጋ ስር ታስገባቸዋለች። ልጄ 3 አመቱ ነው፣ ሳል አልለቀው አለ። ባሌ እናቴን እንዳትናገሪያት ይለኛል። እሷ በጣም ጥሩ ሰው ናት፣ ላስከፋት አልፈልግም ግን ልጄስ?

መልስ፦ ልጅሽን በመጀመሪያ ጤና ጣቢያ ውሰጂው፣ ሳሉ ከሌላ ነገርም ሊሆን ይችላል፣ እኔ ከዚህ ሆኜ ከዶሮው ነው ብዬ አልፈርድም። ግን ዶሮ ባደረበት ክፍል ህጻን ማደር የለበትም፣ አቧራው፣ የላባው ብናኝ፣ የኩሱ ሽታ ለሱ ሳንባ ከባድ ነው፣ ኩሱም ወለል ላይ ነው፣ እሱም ወለል ላይ ነው ሚጫወተው፣ እጁም አፉ ውስጥ ነው።

አማትሽን ግን ተረጃት። ገጠር ዶሮ ቤት ውስጥ ሚያድረው ሰዉ ስለማያውቅ አይደለም፣ ውጪ ካደረች ሸለምጥማጥ ይወስዳታል፣ ሌባ ይወስዳታል፣ ስለዚህ አልጋ ስር ማለት ለሷ ካዝና ማለት ነው። እነዛ 6 ዶሮዎች ደግሞ ከሰፈሯ ይዛው የመጣችው የራሷ ንብረት ናቸው፣ ልጇ ቤት ስትኖር የራሴ ምትለው ሌላ ላይኖራት ይችላል። ስለዚህ አውጪያቸው ብለሽ አትጀምሪ። ባልሽና አንቺ በራሳችሁ ብር ትንሽ ቤት ስሩላት፣ የክፍሏን የውጪ ግድግዳ አስደግፋችሁ፣ ከመሬት ከፍ ያለ፣ ውስጡ ቆጥ ያለው፣ ለያንዳንዷ ዶሮ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ቆጥ ይበቃታል፣ ቁልፍ ያለው በር፣ ቁልፉም እሷ መቀነት ላይ። ሌሊት ኮሽ ቢል በግድግዳው ትሰማለች። ሲሰራም ትጠየቅ፣ እማዬ በሩ በየት በኩል ይሁን፣ ቆጡ ስንት ይሁን፣ እሷ የሰራችው ቤት ሆኖ ይሰማት። እናትን አትናገሪ ያለሽ ባልሽ ራሱ እንጨቱን ይዞ ይምጣ፣ ያኔ ንግግርም ላያስፈልግ ይችላል።

ደግሞ ከሷ ምታገኙት ጥቅም አለ። የአበሻ ዶሮ መታቀፍ ስትፈልግ ብዙ ሰው ውሃ ውስጥ ይነክራታል፣ ዘቅዝቆ ያስራታል፣ ይሄ ስቃይ ነው፣ አታርጉት። እንቁላል ማታስታቅፏት ከሆነ ከስሯ ምንም ያልተነጠፈበት፣ አየር ከታች ሚገባው ቅርጫት ውስጥ ከውሃና ከመኖ ጋር ጥቂት ቀን ማቆየት ይበቃል። ከዛ ይልቅ ግን አውራ ካለው ቤት የኮይኮይ እንቁላል ከ10 እስከ 12 ግዙና ለሷ ዶሮ አስታቅፉ፣ በ21 ቀን ትፈለፍላለች፣ ከሰልም መብራትም የለም፣ ሌሊት ሚነሳም ሰው የለም፣ እናቲቱ ራሷ ታሞቃቸዋለች፣ ደሴ ብርድ ላይ ከዚህ የተሻለ ማሞቂያ አላውቅም። በሰባተኛው ቀን ማታ ጨለማ ውስጥ እያንዳንዱን እንቁላል የስልክ መብራት ላይ አስጠግታችሁ እዩት፣ እንደ ሸረሪት እግር የተዘረጋ ቀይ ደም ስር ከታየ ጫጩት አለው፣ ጥርት ብሎ ካበራ ባዶ ነው። አማትሽ ይሄን ያለ ስልክም ታውቀው ይሆናል፣ ጠይቂያት፣ ታስተምርሽ።

ጥያቄ፦ ክረምት ሲገባ በሰፈራችን ዶሮ ሁሉ ያልቃል፣ ዘንድሮ 25ቱም በአንድ ሳምንት አለቁብኝ፣ አረንጓዴ ነገር ያስቀምጣቸዋል፣ አንገታቸው ይጠመዘዛል። ቴትራሳይክሊን በውሃ ሰጠሁ ምንም አልሰራም። ግቢያችን ውስጥ አራት አባወራ ነን፣ ሁላችንም ዶሮ አለን። (ደሴ፣ ሰኞ ገበያ)

መልስ፦ ምልክቱ ፈንግል ሚባለውን የዶሮ በሽታ ነው ሚመስለው፣ ለማረጋገጥ ግን ምርመራ ያስፈልጋል፣ ለናንተ ቅርቡ ኮምቦልቻ ያለው የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ነው፣ ሌላ ጊዜ ገና ሁለት ሶስት ሲሞት ለቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ንገሩት። ፈንግል ቫይረስ ነው፣ ቴትራሳይክሊን አይነካውም፣ የትኛውም አንቲባዮቲክ አይነካውም፣ ትርፉ መድሀኒቱ እንቁላሉ ውስጥ ገብቶ ልጆቻችሁ መብላታቸው ነው። መፍትሄው ክትባት ብቻ ነው። ክትባቱን ቢሾፍቱ ያለው ብሄራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ነው ሚያመርተው፣ ለጫጩት ኤችቢ1 ሚባለው በአይናቸው ጠብታ ይሰጣል፣ ከፍ ሲሉ ላሶታ ሚባለው በውሃ። አይ2 ሚባልም አለ፣ ሙቀት ቶሎ ስለማያበላሸው ፍሪጅ በሌለበት ይመቻል።

ችግሩ አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ ሚበቃ ነው፣ 10 ዶሮ ያለው ሰው ብቻውን ሲገዛ ይከብደዋል፣ ከተከፈተ ደግሞ በዛው ሰአት ነው ሚያልቀው፣ ለነገ አይቀመጥም። ለዚህ ነው አራት አባወራ መሆናችሁን ሳይ ደስ ያለኝ። ገንዘብ አዋጡ፣ አንድ ቀን ቁረጡና የሁላችሁንም ባንዴ አስከትቡ፣ አንዱ አስከትቦ አንዱ ቢቀር የቀረው ያልቅበታል። ወሎ ውስጥ አንድ ግቢ ሙስሊምና ክርስቲያን አብሮ ኖሮ ስጋው እየቅል ቢታረድም እንቁላሉን እኮ እየተሰጣጡ ነው ሚኖሩት፣ ክትባቱም እንደዛው ይሁን። ግንቦት አካባቢ፣ ክረምቱ ሳይገባ አርጉት፣ ከዛ በየሶስት ወሩ ይደገም።

በውሃ ከሆነ ምትሰጡት፣ ማለዳ ላይ ውሃቸውን ለአንድ ሁለት ሰአት አንሱባቸውና ይጠማቸው። የቧንቧ ውሃ ክሎሪኑ ክትባቱን ይገድለዋል፣ የምንጭ ወይም የጉድጓድ ንጹህ ውሃ ተጠቀሙ፣ ለአንድ ሊትር ሁለት ግራም ተኩል ያህል ስብ የሌለው የዱቄት ወተት ቀድማችሁ በጥብጡበት። የብረት እቃ አይሁን፣ ፕላስቲክ። በሁለት ሰአት ውስጥ ጠጥተው ይጨርሱ። በአይን ጠብታ ከሆነ ደግሞ ጭንቅላቷን አዘንብለሽ አንድ ጠብታ አይኗ ላይ ጣል አርጊና አይኗን ጨፍና እስክትገልጥ፣ ጠብታው ገባ እስኪል ያዢያት፣ ቶሎ ከለቀቅሻት ራሷን አራግፋ ትደፋዋለች። ስትጨርሱ እጃችሁን ሳትታጠቡ አይናችሁን አትንኩ፣ ያቀላዋል።

አሁን የሞቱትን አትጣሉ፣ ለውሻም አትስጡ፣ በጥልቅ ጉድጓድ ቅበሯቸው። የታመመ ዶሮ በዓል ደረሰ ተብሎ ገበያ ማውጣት ደግሞ በሽታውን ለሌላ ቤተሰብ መሸጥ ነው፣ እባካችሁ። ቤቱን ጠርጋችሁ፣ ጭዱን አቃጥላችሁ፣ እቃውን በሳሙና ከዛም በበረኪና አጥባችሁ፣ ለአንድ ወር ያህል ባዶውን ጸሀይና ነፋስ ያግኘው። ከዛ በኋላ ምትገዟቸውን አዲሶቹን ከሌሎቹ አባወራዎች ዶሮ ለይታችሁ ሁለት ሳምንት አቆዩአቸው፣ ሲሸጡላችሁም የክትባት ካርዳቸውን ጠይቁ፣ ካርድ የለም ካሏችሁ ባንዴ እንዳመጣችኋቸው አስከትቧቸው።